አስተርጓሚው ጋሽ አምሃና አርባ አንዱ ትርጉም

ጋሽ አምሃ መሞቱን የሰማሁት ታክሲ ውስጥ፣ ሀይሌ ጋርመንት ጋ መንገድ ተዘግቶብን ቆመን ነው። አንዲት የድሮ የሥራ ባልደረባዬ ደውላ «ሰማሽ? ጋሽ አምሃ አረፈ እኮ» አለችኝ። «ውይ! ነፍስ ይማር» አልኩ፤ አፌ ነው ያለው። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ሐዘን ይመጣ እንደሆነ ትንሽ ጠበቅሁ። አልመጣም። የመጣው ያ የድሮ ንዴቴ ነው፤ ምንም አልቀነሰም።

ሰው ሲሞት «እሳቸው» ማለት ደንብ ነው። በሕይወት ሳለም ፊት ለፊቱ «እርስዎ» ነበር የምለው። አሁን ግን «እሱ» እለዋለሁ፤ ከዚህ በላይ ከእኔ አያገኝም። ልረሳው ብችል ደግሞ ስሙንም ባላነሳሁት።

ያን ጊዜ የምንሠራው እዚያው ከሀይሌ ጋርመንት ገባ ብሎ ቱርኮች በከፈቱት አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ነበር። እኔ የጥራት ክፍል ጸሐፊ ነበርኩ፤ የተበላሸ ልብስ እመዘግባለሁ፣ ስብሰባ ሲኖር ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ። ቱርኮቹ አማርኛ አያውቁም፣ እኛ ቱርክኛ አናውቅም። ማሽኖቹና የትዕዛዝ ወረቀቶቹ ደግሞ በእንግሊዝኛ የተጻፉ ናቸው፤ እሱን እነሱም እኛም እኩል አንችለውም። ሦስቱንም የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም አስተርጓሚው ጋሽ አምሃ። ያለ እሱ አፍ ማንም ከማንም ጋር አይነጋገርም ነበር። ይህን ደግሞ ከማንም በላይ የሚያውቀው ራሱ ነው።

አጭር፣ ቦርጫም፣ በጠራራ ፀሐይ ኮቱን የማያወልቅ ሰው ነበር። ከደረት ኪሱ ሦስት እስክሪብቶ አይጠፋም፤ የሚጽፈው ግን አንዱ ብቻ ነው። ወገቡ የቀጠነ የቱርክ የሻይ ብርጭቆ በመሐረብ ጠቅልሎ ከቤቱ ይዞ ይመጣል። የእኛ የሠራተኞች ሻይ ቤት ብርጭቆ «ሻዩን ይገድለዋል» ይላል። ሻዩን የሞላችለትን ልጅ አንድ ቀን እንኳ አመስግኗት አያውቅም፤ ብርጭቆውን ከእጇ ተቀብሎ ወደ ብርሃን ያነሣና እድፍ ይፈልግበታል።

«ስድስት ዓመት ኢስታንቡል ተምሬአለሁ» ይል ነበር። ምን እንደተማረ ሲጠየቅ «ሰፊ ነው፣ አትደርሱበትም» ብሎ ይዘጋዋል። ታዲያ አንድ ቀን ክር ሊሸጥ የመጣ የመርካቶ ነጋዴ ግቢው ውስጥ ያየውና «አምሃ! ያ የኢስታንቡሉ ቦንዳ ተሸካሚ! አለህ እንዴ?» ብሎ አቀፈው። ጋሽ አምሃ በቱርክኛ መለሰለት። ሰውየው ደንግጦ ለቀቀው። ቦንዳ መሸከም ምን ነውር አለው? የእኔም አባት ሲሸከም ኖሮ ነው ያሳደገን። የናቅሁት መሸከሙን አይደለም፤ የገዛ ወዳጁን እንደ እንግዳ ማየቱን ነው።

ከቱርኮቹ የወሰዳት አንዲት ምልክት ነበረችው። እነሱ «አይሆንም» ሲሉ ቅንድባቸውን ወደ ላይ አንሥተው በምላሳቸው «ጭ» ያደርጋሉ። እኛ ደግሞ ቅንድብ ወደ ላይ ከተነሣ «እሺ» ነው። ጋሽ አምሃ ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ አገሩ ነው እኮ! አንዲት ልጅ እናቷ ታመው ፈቃድ ስትጠይቀው ቅንድቡን አነሣላት። «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ» ብላ ሄደች። በማግስቱ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጠበቃት። «እኔ አይሆንም ብያታለሁ» አለ። «የዓለምን ሥልጣኔ ካላወቀች ምን ላድርጋት?»

አርባ አንድ ትርጉም ወደተገኘላት ቃል ልምጣ። በስፌት ማሽኖቹ ላይ አንዲት አረንጓዴ ቁልፍ አለች፤ «ረን» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አለባት። ኡስታ የምንለው የቱርኮቹ ዋና ባለሙያ አንድ ቀን «ይህ ምን ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀው። ጋሽ አምሃ «ማሽኑ ይሥራ ማለት ነው» ብሎ ቢተወው እዚያው ባለቀ ነበር። እሱ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰማያዊ ደብተር ገዝቶ የዚያችን ቃል ትርጉም በቱርክኛ መሰብሰብ ጀመረ። ምሳ ሰዓት የምርት ዕቅድ የሚጻፍበትን ጥቁር ሰሌዳ ያጠፋና ይነሣብናል።

«ረን ማለት ምን ማለት ነው?» ይለናል፣ እንጀራችንን እንደጎረስን።

«መሮጥ» እንላለን።

«መሮጥንማ አህያም ያውቀዋል። እሱ ኮሽማክ ነው፤ አንደኛው ነው። ሰፋ አድርገን እንየው እንጂ!»

ከዚያ ይዘረግፈዋል። ማሽን ሲሆን ቻልሽማክ፤ ውሃ ሲፈስ አክማክ፤ የልጅ አፍንጫም ሲፈስ ያው አክማክ፤ ሌባ ሲያመልጥ ካችማክ፤ የሴት ስቶኪንግ ሲተረተርም ካችማክ፤ ድርጅት ማስተዳደር ዮኔትሜክ፤ ዘይት ሲያልቅ ቢትሜክ፤ ለምርጫ መወዳደር አዳይ ኦልማክ፤ መኪና ሰው ሲድጥ ኤዝሜክ፤ ሳያስቡት መንገድ ላይ ሰው ማግኘት ራስትላማክ። እንግሊዝ በአንዲት ቃል የሚጨርሰውን ቱርክ በስንት ቃል እንደሚከፋፍለው ሲያስረዳ ዓይኑ እንባ ያቀርራል። እውነቱን ለመናገር ያምርበት ነበር። ሰሌዳውን ሞልቶ፣ ጠመኔ በጠመኔ ሆኖ ሲዞርብን ግን አንድም ሰው «ገባችሁ?» ተብሎ አይጠየቅም። እንዲገባን አልነበረም የሚያስተምረው።

እኔ ግን ገባኝ። ጆሮዬ ነው መሰል፣ ከሰሌዳው እየቀዳሁ፣ ከቱርኮቹ አፍ እየለቀምኩ፣ በዓመቱ የሚሉትን እሰማ ጀመር። ዛሬ የምበላው እንጀራ ከዚያ ሰሌዳ የተገኘ ነው፤ ሌላ ድርጅት ውስጥ በቱርክኛ እየተላላክሁ ነው የምኖረው። ውለታ ከተባለ ውለታ ነው። እሱን የመናቅ መብት ግን አልሸጥኩበትም።

ይህ አንዲትን ቃል ሰፋ አድርጎ ሲያይ የሚውል ሰው፣ ሰው ሲናገር አንድ ደንብ ብቻ ነበረው፦ «ባጭሩ!» ሠራተኛ ቀርቦ ችግሩን ሲያስረዳ እጁን ያነሣና «ባጭሩ፣ ባጭሩ» ይላል። ሴቲቱ አሥር ደቂቃ ተናግራ ስትጨርስ ወደ ቱርኩ ዞሮ ሦስት ወይም አራት ቃል ጣል ያደርጋል። እኛ በዚያን ጊዜ ቱርክኛ እንዲህ ብዙ ነገር በጥቂት ቃል የሚያስር ቋንቋ ይመስለን ነበር። እንዴት ያለ የታደለ ቋንቋ ነው እያልን እናደንቅ ነበር! መስማት ስጀምር ነው የገባኝ። ቱርክኛው አልነበረም አጭሩ። ሰውየው የእኛን ነገር የሚያደርሰው ለራሱ የመሰለውን ያህል ብቻ ነበር።

ነጂማ ካውያ ክፍል የምትሠራ የመካኒሳ ሴት ነበረች። ባሏ ሞቶባት ሁለት ሴቶች ልጆቿን ብቻዋን ታስተምራለች፤ ከፋብሪካው ሌላ መተዳደሪያ አልነበራትም። አባቷ ጨርቅ ነጋዴ ስለነበሩ ጨርቅ ታውቃለች። አዲስ ጥቅል ሲገባ ማንም ሳያዛት ጣቷን በምራቋ ታርስና ጨርቁን አሸት ታደርገዋለች። ከዚያ ጣቷን አይታ ወይ ዝም ትላለች፣ ወይ ትናገራለች። ኡስታ ይህን ልማዷን ያውቅ ነበር፤ ስታሸት ካየ «ነጂማ ኢዪ» ይላል፤ ጎበዝ ማለቱ ነው።

አንድ ቀን ለሕፃናት ካናቴራ አንገት የሚሆን ቀይ ጨርቅ ገባ። ገላው ነጭ ነው፣ አንገቱ ቀይ። ነጂማ አሸት አድርጋ ጣቷን አየችና በቀጥታ ኡስታና ጋሽ አምሃ ወደ ቆሙበት መጣች። እኔም መዝገቤን ይዤ አጠገባቸው ነበርኩ።

«ጋሼ፣ ለኡስታ ይንገሩልኝ እስቲ» አለች። «ይሄ ዛሬ የገባው ቀይ ቀለሙ ይለቃል። ይኸው ጣቴን ይዩት። የትናንቱ ደህና ነው፣ የዛሬው ነው። ደረቁን ምንም አይልም፤ እንፋሎት ሲነካው ነው ጉዱ። ነጩ ላይ ሰፍተን ካውያ ካሳረፍንበት አለቀ። ወይ ቀድሞ ይታጠብ፣ ወይ ለብቻው ይቀመጥልን።»

ጋሽ አምሃ ደብተሩን ገልጦ ለኡስታ እያነበበለት ነበር። ሠላሳ ዘጠነኛው ትርጉም ላይ ደርሷል። ሠላሳ ዘጠነኛው ምን እንደነበር ልንገራችሁ? የአንዱ ጨርቅ ቀለም ወደ ሌላው ሲለቅ እንግሊዞች ምን እንደሚሉ፣ ቱርኮች ደግሞ ምን እንደሚሉ ነበር። እምላለሁ፣ እሱው ነበር። ነጂማ ያንኑ ነገር በጣቷ ይዛ ፊቱ ቆማለች። እሱ ጣቷን አላየም።

«ስለ ጨርቅ ነው የምታወራው። ኦነምሊ ዴይል» አለው ኡስታን በቱርክኛ። የሚያሳስብ አይደለም ማለት ነው። ወደ እሷ ዞሮ «ነግሬዋለሁ። ሂጂ፣ ሥራሽን ቀጥዪ» አላትና ወደ ደብተሩ ተመለሰ።

ሰማሁ። ገባኝም። ግን ጣልቃ መግባት የእኔ ሥራ አይደለም ብዬ መዝገቤን ይዤ ሄድኩ።

በሦስተኛው ቀን ካናቴራዎቹ ከካውያ ሲወጡ ትከሻቸው ሁሉ ሮዝ ሆኖ ወጣ። ከጥቅል ጥቅል ስንገልጥ ያው ነው። ነጭ ሆኖ የገባው ሁሉ ሊላክ የማይችል ሆነ። ኡስታ ራሱን ይዞ ተቀመጠ። ልብሱ የተበላሸው ካውያ ላይ ስለሆነ ካውያ የያዘችው ትጠየቅ ተባለ፤ ነጂማ ተጠራች።

ሙዱሩ፣ ማለት የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ፣ ቢሮው ፎቅ ላይ ነበር። ሙዱሩና ኡስታ ተቀምጠዋል፣ ጋሽ አምሃ መሐል ቆሟል፣ እኔ ጥግ ላይ ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ። ነጂማ ሻሿን አጥብቃ አስራ ገባች። አልፈራችም፤ እውነት ይዛለች። አንድ በአንድ ተናገረች። ጨርቁ መቼ እንደገባ፣ እንዴት እንዳሸችው፣ ለማን እንደነገረች፣ «ነግሬዋለሁ፣ ሥራሽን ቀጥዪ» እንደተባለች። ጣቷን አውጥታ አሳየች። ያን ቀን ጣቷ ንጹሕ ነበር፤ እሷ ግን ቀዩ አሁንም ያለበት ይመስል ዘርግታ ያዘችው። «ልጆች አሉኝ» ያለችው መጨረሻ ላይ ነው፤ እሱንም አንድ ጊዜ ብቻ።

ሙዱሩ ወደ ጋሽ አምሃ ዞረ።

«ካድን ኦዙር ዲሊዮር» አለ ጋሽ አምሃ።

ሴትዮዋ ይቅርታ ትጠይቃለች። በቃ። ሦስት ቃል። ያን ሁሉ ነገር ዋጠና ሦስት ቃል ተፋ።

ኡስታ ቀና ብሎ አያት፤ የገረመው ይመስል ነበር። ሙዱሩ ጥፋቷን ካመነች ብዙ መነጋገር አያስፈልግም፣ ትሰናበት አለና ወረቀቱን ገፋው። ጋሽ አምሃ እኔን «ጻፊ» አለኝ። «ጥፋቷን አምና ይቅርታ ጠይቃለች በዪ።»

ጻፍኩ። የእጅ ጽሑፌ ደግሞ ያምራል።

ነጂማ ስሟን ከመጻፍ ያለፈ ፊደል አትቆጥርም። ወረቀቱን ሳቀርብላት ጎንበስ ብላ ቀስ ብላ «ያልኩት ነው የተጻፈው?» አለችኝ። «አዎ፣ ፈርሚ» አልኳት። ፈረመች።

በር ላይ ጋሽ አምሃን እጁን ይዛ «አላህ ይስጥልኝ ጋሼ፣ ለፉልኝ» አለችው። እሱም አንገቱን ዝቅ አድርጎ፣ እንደ ትልቅ ሰው፣ «ምንም አይደል፣ የተቻለኝን አድርጌያለሁ» አላት። ሰው እንዴት ሳያፍር ምስጋና እንደሚቀበል ያን ቀን አየሁ። ቢያንስ እጁን ቢሰበስብ ምን ነበረበት!

ምሳ ሰዓት ሻይ ቤት ሄጄ ፊቱ ቆምኩ። «ጋሼ፣ የተናገረችውን አልነገሯቸውም እኮ» አልኩት።

«አሳጠርኩት» አለ፣ በዚያች ቀጭን ብርጭቆው ሻይ እየጠጣ። «አንቺ ልጅ፣ ሙዱሩ ሥራ ያለበት ሰው ነው። የካውያ ሴት ወሬ ሲሰማ ይዋል? የነገሩ ማጠቃለያ ይቅርታ ነው፤ ይቅርታ አልኩላት።»

«ይቅርታ አልወጣትም! ደግሞም ቀድማ ነግራዎት ነበር። እኔው ሰምቻለሁ።»

ብርጭቆውን አስቀመጠ። ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ትክ ብሎ ያየኝ።

«ከሰማሽ ለምን አልነገርሽውም? ቋንቋው አለሽ። ጽፎስ ያስፈረማት ማን ነው?»

እኔ የምንቀው ሰው በሕይወቱ አንድ እውነት ተናግሮ ከሆነ ያቺ ናት፤ እሷንም የተናገራት አፌን ለማዘጋት ነው። ፈገግ አለና ደብተሩን ገለጠ። አርባ አንደኛው ተገኝቶለታል። የወንዝ ውሃ ሲደርቅም ረን ማለት ይቻላል፤ በቱርክኛ ኩሩማክ ነው። ለሰው ሁሉ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው። አንዳንዶቹ አጨበጨቡለት።

ከዚያ በኋላ እዚያ የቆየሁት ጥቂት ወራት ነው። ጋሽ አምሃን በሰላምታ እንኳ ዘጋሁት፤ መዝጋቴን ልብ ያለው አልመሰለኝም። ነጂማን ግን ሄጄ ላያት አልደፈርኩም። መካኒሳ በታክሲ ስንት ደቂቃ ነው? አልሄድኩም።

እንግዲህ ሞተ ተባልኩ። ልቅሶ መድረስ ስለማይቀር ጀሞ ኮንዶሚኒየም ወደ ቤቱ ሄድኩ። ድንኳን ተጥሏል፤ የድሮ ሠራተኞች ተሰብስበዋል። አንዱ ተነሥቶ «የቋንቋ ሊቅ አጣን» አለ። ሌላው ስለዚያ ደብተር አወራ፤ ደብተሩ ሳጥኑ ላይ ይቀመጥለት ሁሉ ተብሎ ነበር አሉ። ይህን እየሰማሁ ጥርሴን ነክሼ ተቀምጫለሁ፤ ቀና ስል ነጂማ ከጎኔ ያለውን ወንበር ሳበች።

አላረጀችም፤ ከስታለች። መካኒሳ መንገድ ዳር ሽንኩርትና ቲማቲም እንደምትሸጥ፣ ትልቋ ልጇ ትምህርቷን አቋርጣ እንደምታግዛት ነገረችኝ። ይህን እንደ ተራ ነገር ነው የነገረችኝ። ከዚያ እንባዋ መጣ።

«ደግ ሰው ነበሩ» አለች። «ያን ቀን ለእኔ ብለው ከቱርኮቹ ጋር ተከራክረዋል፤ አላህ አላለውም እንጂ። ዱዓ ሳደርግ ረስቻቸው አላውቅም።»

ዝም ብል ይቻል ነበር። ማንንም አይጎዳም፤ ሰውየው እንደሆነ ተቀብሯል። ግን ያ ሰው የእሷን ዱዓ እየበላ እንዲተኛ ልፈቅድለት አልቻልኩም።

«ነጂማ» አልኳት። «አልተከራከረልሽም። ይቅርታ ትጠይቃለች ብቻ ነው ያላቸው።»

«ምኑን ነው ይቅርታ?»

«ምኑንም። ስለ ጨርቁ፣ ቀድመሽ ስለመናገርሽ፣ ስለ ልጆችሽ፣ አንዱንም አልነገራቸውም።»

እንባዋን በሻሿ ጫፍ ጠረገች።

«ማነው የነገረሽ?»

«እኔው ነኝ የሰማሁት።»

«ቱርክኛ ያኔ ትሰሚ ነበር?»

«እሰማ ነበር።»

ድንኳኑ ውስጥ ሰው እየገባ እየወጣ ነው። እሷ ግን ዓይኗን ከእኔ አላነሣችም።

«ያልኩት ነው የተጻፈው? ብዬሽ ነበር እኮ» አለች።

የምላት ብዙ ነበረኝ። ልጄ ያኔ ጡት እንደምትጠባ፣ ቤተሰቡ ሁሉ የእኔን እጅ ያይ እንደነበር፣ ብናገር ሁለታችንም እንደምንባረር፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስንት ቀን ላያት ተነሥቼ እንደተመለስኩ።

«ይቅርታ» አልኳት።

ነጂማ ተነሣች። ወደ ባለቤቱ ሄዳ «አላህ ያጥናሽ» አለቻትና፣ በእኔ በኩል ሳታይ አልፋ ወደ ታክሲው ወረደች።